ግንባሩ ላይ የተጻፈው

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት ተሰለፍኩ። ወድጄ የተሰለፍኩ እንዳይመስላችሁ። ባንክ ቤቱ «ያለሱ አናስተናግድዎትም» አለኝ፣ ስልኬም ይዘጋል ተባልኩ። በዚህ ዕድሜዬ እኔ እኔ መሆኔን ለማስመስከር ከማለዳ ጀምሮ ጦሳ ተራራ ራስ ላይ የተኛውን ጉም እያየሁ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ቆምኩ።

ከኋላዬ ነጠላ የተከናነበች ሴት ነበረች። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ታመጣዋለች። አንዱ ሰባኪ የአውሬው ቁጥር ነው ይላል፤ ጣቷን ሳብ ስታደርገው ደግሞ አንዱ ኡስታዝ የደጃል ዓይን ነው ይላል። በሌላ ነገር የማይስማሙት በዚህ ተስማምተዋል። ከፊቴ የቆመው ጎረምሳ ጆሮው ውስጥ የሰካውን ነገር ነቀለና «እናቴ፣ ምንም አይደለም እኮ! ቴክኖሎጂ ነው» አላት። የሴትዮዋን ወሬ እንዳልሰማ ሆኜ አልፌው ነበር። የልጁ «ምንም አይደለም» ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢዋ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት። ሁለት ቀዳዳ ያለው ጥቁር መሣሪያ ወደ ፊቴ አምጥታ «አባቴ፣ ሳይጨፍኑ እዚህ ውስጥ ይመልከቱ» አለችኝ። ፊቴን አስጠጋሁና መልሼ አራቅሁት። «እስቲ ትንሽ ታገሽኝ፣ ልጄ» አልኳት። ምን እንደሆንኩ ለሷ አልነገርኳትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

የኛ አገር ደሴ ዙሪያ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታች። የልጅነቴን ሽታ የሚጠይቀኝ ካለ የተቃጠለ ፍሬን ነው። የጭነት መኪኖቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬናቸው ይሸታል፤ ሽታው እርሻችን ድረስ ይመጣል። ከላይ ደሴ ብርድና ጉም፣ ከታች ኮምቦልቻ ሙቀትና ብርቱካን። እኛ መሐል ነን። ለደሴ ድንችና ጎመን እናወጣለን፣ ለኮምቦልቻ በክረምት የቁልቋል በለስ እናወርዳለን። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ፋጡማ፣ እኔና በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ይማም ነበርን።

ይማም እንደኔ አልነበረም። እኔ ከጥንትም ፊቴ የማይፈታ ሰው ነኝ። እሱ ቀብር ላይ እንኳ ሳቁን መያዝ ያቅተዋል። ድንጋይ ያስቀዋል። እናቴ «ይሄ ልጅ በምጥ ጊዜም ሲስቅ ነው የወጣው» ትል ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ወጣት ለውትድርና የሚለቀምበት። ለቃሚዎቹ ግን እኛ አገር አይቀናቸውም ነበር፤ ምክንያቱን ላስረዳችሁ። የሚመጡት የስም ዝርዝር ይዘው ነው። በኛ ቀበሌ ደግሞ ግማሹ ሰው ሰይድ ነው፣ ግማሹ መሐመድ፣ የተረፈው ሁሴንና ይማም። ይማም አሊ የሚባል እኔ የማውቀው ብቻ አራት ነበር፤ አንዱ ወንድሜ ነው፣ አንዱ ደግሞ የሰባ ዓመት ሽማግሌ። ታጣቂው «ይማም አሊ!» ብሎ ሲጣራ ሽማግሌውን ይዘው ይወጡለታል። «ይኸው፣ ውሰደው፣ ግን አልጋውንም ጨምረህ ውሰድ» ይሉታል። ልጆቹ ደግሞ ገበያ ላይ ስማቸውን ሲጠየቁ የሞተ አጎታቸውን ስም ይሰጣሉ። በስም ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አያገኙንም ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። መሠረተ ትምህርት የሚሉት ዘመቻ መጣና ዋርካው ሥር ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። አስተማሪያችን ከኔ የምታንስ የደሴ ልጅ ነበረች። አራሽ እጄ እርሳስ ሲይዝ እርሳሱ ይሰበራል፤ ስድስት እርሳስ ሰብሬያለሁ። ተናድጄ ግን ተማርኩ። ከቀበሌያችን ፈተናውን ቀድሜ ያለፍኩት እኔ ነኝ። የሰጡኝን ምስክር ወረቀት እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ከቁርአኑ አጠገብ ሰቀለችው። ይማም ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ሙሁሩ፣ ውኃ አቀብለኝ» ይለኛል።

እውነቱን ልናገር፤ የማነበው የመማሪያውን መጽሐፍ ያህል ትልልቅ የሆነ ፊደል ብቻ ነበር። ያንንም በጣቴ እየተከተልኩ። ሰው ግን ይሄን አያውቅም። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ዘንድ፣ የማኅበሩ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እኔ ዘንድ። አንድ ቀን ጎረቤታችን አያ እንድሪስ የበሬ መድኃኒት ጠርሙስ ይዘው መጡ። ጽሕፈቱ የፈረንጅ ነው። ሰው ከቦኛል። አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። «በቀን ሁለት ጊዜ ይላል፣ ከውኃ ጋር» አልኩ። በሬው ዳነ። ባይድን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራና በድምፅ ማጉያው ለፈፈ። ማኅበሩ ለአባላቱ ባለ ፎቶ ካርድ ሊያወጣ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ ይነሳል። ካርድ የሌለው ኬላ አያልፍም፤ ከማኅበሩ ሱቅ ጨውና ስኳር አያገኝም። ባለ ፎቶው ከኮምቦልቻ በመኪና ይመጣል። «ጥያቄ ያለው?» አለ። የሱ ጥያቄ አጠያየቅ መልስ የሚፈልግ አልነበረም።

ጥያቄው የተነሳው ሐሙስ ከሰዓት ዱበርቲዎቹ ዘንድ ነው። ዱበርቲ እኛ ዘንድ ለዱአ የሚሰበሰቡ ሴቶች ናቸው፤ መሪያቸው እማ ሐዋ ነበሩ። እማ ሐዋ ቀጭን፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ያላለቀ ሴት ናቸው። አገሩ ሁሉ ይፈራቸዋል፤ ሊቀመንበሩም ጭምር። እናቴን ላደርስ ሄጄ ደጅ ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ እንዲህ አሉ፦

«ሼሆቹ ሲነግሩን አልሰማችሁም? ደጃል ዓይኑ አንድ ነው። ሰው ሲቸግረው ምግብ ይዞ ይመጣል፤ የተከተለው ይበላል፣ እምቢ ያለው ይራባል። ይሄስ? አንድ ዓይን ያለው ሳጥን ነው አሉ። ካልተነሳህ ጨው የለህም ይላል። ደግሞስ…» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ሴት ጨው አትበላም እንዴ? ለምንድነው ወንዱን ብቻ የሚያነሱት?»

ሁለት ነገር ተናገሩ። ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔም የሰማሁት ያንኑ ነው። በሳምንት ውስጥ አገሩ በደጃል ተሞላ። ያለ ጉሮሮ የሚጮኸው ድምፅ ማጉያ ምልክት ነው ተባለ። ከቢስቲማ የመጣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ሳጥኑ ሰውን ሳይነካ እንደሚወስድ፣ የተነሳ ሰው የትም ቢሄድ ሳጥኑ ያየው ፊት ከሳጥኑ ባለቤት እንደማይጠፋ አወራ። ሰው ይሄን ለጂኒ ተረት ሰጠው። አሁን ሳስበው ከሁላችንም በላይ ያወቀ እሱ ነበር።

የመነሻው ቀን ሲቃረብ ይማም ስልቻውን አሰረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ሐርቡ። አጎታችን ዘንድ ማሽላ እጠብቃለሁ።»

«አንተም ደጃል ፈራህ?»

«ደጃልን አልፈራም፣ ሊቀመንበሩን ነው የምፈራው። ያ ሰውዬ በነፃ የሰጠን ነገር ትዝ ይልሃል? ልምጭ እንኳ በነፃ አልሰጠንም። ዛሬ ምን አግኝቶ ነው ፊታችንን የወደደው?»

«ካርድ ከሌለህ ኬላ አታልፍም። በለሱን ማን ያወርደዋል? እናታችን?»

ስልቻውን ፈታው። «እሺ ሙሁሩ» አለ። «ነገ መጀመሪያ አንተ እየው። ምንም አይደለም ካልክ እቀመጣለሁ።»

በማግሥቱ ሰው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሳጥኑ ሦስት እግር ላይ ቆሟል፤ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል፤ መሐሉ ላይ አንድ ክብ መስታወት አለ። ባለ ፎቶው ኮፍያ ያደረገ ቀጭን የኮምቦልቻ ሰው ነው። በርጩማ አስቀምጦ «ኑ እንጂ! ፀሐዩ ሳይዞርብኝ!» ይላል። አንድ የሚንቀሳቀስ የለም።

እማ ሐዋ ምርኩዛቸውን ወደ ሳጥኑ ቀሰሩ። «ስንት ዓይን አለው?»

«አንድ» አለ ሕዝቡ።

«ምን ልስጣችሁ አለ?»

«ጨውና ስኳር።»

«ታዲያ ምን ቀራችሁ?»

አያ እንድሪስ መሐል ገቡ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጠብ አይወዱም። «ሐዋ፣ እንዲያ አይደለም። ደጃል እኮ ግንባሩ ላይ ካፊር የሚል ተጽፎበታል። ሙእሚን የሆነ፣ ከልቡ ያመነ ሁሉ ያነበዋል፤ የተማረም ያልተማረም። ጽሕፈት አለው እንዴ ይሄ?»

ያን ባይሉ ጥሩ ነበር። አንዱ ጠጋ ብሎ አየና «ኧረ አለው! ይኸው ከዓይኑ በላይ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። እውነትም ከመስታወቱ በላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተለጥፋለች፤ ላይዋ ላይ ጽሕፈት ያብረቀርቃል።

ከዚያ የሆነውን ነገር ሌላ አገር ብነግረው የሚያምነኝ የለም። ሰው በተራ እየሄደ ግንባሩን ያይ ጀመር። አንዱ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተመለሰ። «አነበብከው?» ሲሉት «እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለ። ሁለተኛው አይቶ ተመለሰና ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛው «ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ» አለ። ማናቸውም ማንበብ አልቻሉም፤ አንዳቸውም አላነበብኩትም አይሉም። ነገሩ ገብቷችኋል? አላነበብኩትም ያለ ሰው ከሁለት አንዱን ነው ያለው፦ ወይ ይሄ ደጃል አይደለም፣ ወይ እኔ ሙእሚን አይደለሁም። የትኛው እንደሆነ ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም ኢማኑን ይዞ ዝም።

ይማም ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ዛሬ አገሩ ሁሉ ካፊር ሆኖ ሊገባ ነው» አለኝና በሳቅ ታፈነ።

ሊቀመንበሩ ትዕግሥቱ አለቀ። እጁን ሽጉጡ ላይ ጣል አድርጎ «እዚህ አገር ፊደል የቆጠረ የለም? ያ ባለ ምስክር ወረቀቱ የታለ?» አለ። ሕዝቡ ወደኔ ዞረ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን አስግጋ ታየኛለች፤ ኩራቷ ከሩቅ ይታያል።

ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ከማውቃቸው ፊደሎች አንድም እዚያ የለም። የተጠመዘዘ፣ የቆመ፣ ጭራ ያለው ነገር ነው። እንደ ተማሪ አላነበብኩትም፤ እንደ ሙእሚንም አላነበብኩትም። በሁለቱም ወደቅሁ። ብድግ ብዬ «አላውቀውም» ብል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን የበሬው መድኃኒት ትዝ አለኝ፤ ሰዉ ያን ጊዜ ያየኝ አስተያየት ትዝ አለኝ።

«የሠራው ፋብሪካ ስም ነው» አልኩ።

«ሌላስ?» አሉ እማ ሐዋ።

«የተሠራበት አገር። ሌላ የለውም። ምንም አይደለም።»

«ወላሂ በል።»

ዓይናቸው ውስጥ አየሁ። «ወላሂ» አልኩ።

ሕዝቡ ተነፈሰ። እማ ሐዋ ምርኩዛቸውን አውርደው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይማም በርጩማው ላይ የመጀመሪያው ሆኖ ተቀመጠ። ባለ ፎቶው «እንዳትንቀሳቀስ፣ እንዳትስቅ» አለው። እንዳትስቅ ከተባለ በኋላ ይማም እንዴት አይስቅ! ፊቱ ተወዛወዘ። «አበላሸኸው!» ብሎ ጮኸ ሰውየው፤ ወረቀት ስለሚያጥረው ግን አልደገመውም። «የራስህ ጉዳይ ነው፣ ጭጋግ ሆነህ ትወጣለህ» አለው። እስከ ዐሥር ሰዓት አገሩ በሙሉ ተነሳ።

ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና በዚያው ሳምንት የማኅበሩ ጸሐፊ አደረገኝ። ጸሐፊ አይዘምትም። ይሄን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። ፎቶዎቹ ሲመጡ ሥራዬ አንዱን ካርዱ ላይ መለጠፍ ነበር። አንዱን ያልኩት ለየሰዉ ሁለት ሁለት ስለመጣ ነው። በሁለተኛው ጀርባ ላይ ስምና ዕድሜ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ቆይቼ ጠየቅሁት፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሁለተኛው ለምንድነው?»

«ለመዝገብ» አለ።

«የትኛው መዝገብ?»

«ጻፍ ተባልክ፣ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ምላሴን አውጥቼ፣ እስክሪብቶውን እንደ ማረሻ ጨብጬ። የይማም ፎቶ ጭጋግ ሆኖ ነው የወጣው፤ ጥርስና ጆሮ ብቻ ይታያል። ጀርባው ላይ «ይማም አሊ፣ ዕድሜ 19» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ከሁሉም የሱን አሳምሬዋለሁ። ፖስታው ታሽጎ ሄደ። የት እንደሄደ ሆዴ ጠርጥሮ ነበር። ሆዴን ዝም አሰኘሁት።

ሁለት ወር ያህል ሰው ደስ አለው። ጨው ተገኘ፣ ስኳር ተገኘ፣ ኬላው ላይ ካርድ አሳይቶ ማለፍ ሆነ። እማ ሐዋን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ነሐሴ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የገበያ ቀን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ቦርከና ሞልቶ ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማል። በለስ አውርደን ይማም ይልጣል፣ እኔ እሰበስባለሁ። ሴት ገዢ ሲያይ ይብስበታል። «እሾሁ ለኔ፣ ፍሬው ላንቺ» ይላታል አንዷን፤ እሷም «ካንተ እሾህ አላህ ይጠብቀኝ» ብላው ትሄዳለች፤ ከደቂቃ በኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ድንገት ገበያው ጸጥ አለ። የገበያን ጸጥታ የሰማ ሰው አይረሳውም። በአራቱም መውጫ ታጣቂ ቆሟል። ልጆቹ እንደ ወትሮው አልሮጡም፤ የአጎቶቻቸውን ስም አዘጋጅተው ቆሙ። ታጣቂዎቹ ግን ያን ቀን ስም አልጠሩም። በላስቲክ የታሰረ የፎቶ ጥቅል አወጡ። አንድ በአንድ ፊት ላይ እያስጠጉ ያያሉ፤ «አንተ፣ ና ውጣ» ይላሉ። በቃ። ሰይድ ይሁን መሐመድ ማን ጠየቀ? የአያ እንድሪስ ልጅ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ተያዘ።

አንዱ ታጣቂ እኛ ዘንድ ደረሰ። ጎልማሳ ነው፣ የባላገር እጅ ያለው። አንዲት ፎቶ አወጣና ይማም ፊት አጠገብ ያዛት። ወደ ግራ አጋደላት፣ ወደ ቀኝ አጋደላት። አልለየለትም። ጥርስና ጆሮ ብቻ ነው።

«ስምህ ማነው?»

«ሁሴን» አለ ይማም። ቢላውን ይዞ በለስ እየላጠ ነው።

ታጣቂው ፎቶውን ገለበጠ። ጀርባውን ትኩር ብሎ አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የማያነብ ሰው አስተያየት ነው። ከዚያ ቀና ሲል አየኝ። «አንተ የማኅበሩ ጸሐፊ አይደለህም? ና እስቲ፣ ምን ይላል ይሄ?»

የሰጠኝ የራሴን እጅ ጽሕፈት ነው። ይማም መላጡን አቁሞ አየኝ። እየሳቀ አልነበረም፤ ግን አልፈራም። እንዴት ይፍራ? ወንድሙ ነኝ። የማላውቀውን ፊደል ወላሂ ብዬ ያነበብኩ ሰው ነኝ። «ሰይድ አህመድ» ብል አለቀ። ማንም ስም ብል አለቀ።

ከታጣቂው ኋላ አንድ መቶ አለቃ እስክሪብቶ ኪሱ ላይ ሰክቶ ወደኛ እየመጣ ነበር። ቢቀበለኝና ራሱ ቢያነበውስ ብዬ አሰብኩ። ያን ያህል ብቻ ነው ያሰብኩት፤ ዓይን እስኪርገበገብ።

«ይማም አሊ» አልኩ። «ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት አድርጌ ያነበብኩት ነገር የለም። ጣቴን እንኳ አላስከተልኩም።

ይማም ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገና ሰጠኝ። «እንዳይበላሽ ቶሎ ሽጠው» አለኝ። ሙሁሩ አላለኝም፤ ስሜንም አልጠራም። መኪናው ላይ ሲያወጡት ዞር አላለም። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ስልቻው እስኪያልቅ ድረስ በለስ ላጥኩ። ገዢ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

በዓመቱ አንድ ደብዳቤ ከሰሜን መጣ። ጓደኛው ጽፎለት ነው። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘርግታ እንደ ዱአ ሰማችኝ። ለእናቴ ሰላምታ ይላል፤ ለአያ እንድሪስ፣ ለእማ ሐዋ፣ ለጎረቤት ሁሉ በየስማቸው፣ ለቀይዋ ላም ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ደረስኩ። እኔ የለሁበትም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። እናቴ ትጠብቃለች።

«ለወንድሜም ሰላምታዬ ይድረሰው ይላል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የኔ ልጅ ቂም አያውቅም።»

ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በሐረጎ መንገድ በእግሩ ሲጎርፍ ሰነበተ፤ ጫማ የሌለው፣ ውኃ የሚለምን። እናቴ እንስራ ይዛ መንገድ ዳር ዋለች። ውኃ እየሰጠች እያንዳንዱን ትጠይቀዋለች፦ «ይማም አሊ የሚባል ታውቃለህ? የሚስቅ ልጅ ነው።» አንዳንዱ አውቃለሁ ይላታል። ስም አይደል፤ ስንት ይማም አሊ አለ። የኛው አልመጣም።

እማ ሐዋ እናቴ ከሞተች በኋላ ጥቂት ቆይተዋል። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። አንድ ጠዋት ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። «ያን ቀን ወላሂ ያልኩት ሳላነብ ነው። አንዲትም ፊደል አላወቅሁም።»

«አውቅ ነበር» አሉ። «ዓይንህ እንደ ሌባ ዓይን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔስ መች አነበብኩት!» አሉ። «በማለዳ ሰው ሳይመጣ ሄጄ አይቼዋለሁ። ትኩር ብዬ ብዬ አንድም አልታየኝ። ሐዋ ኢማን የላትም እንዳይባል ፈራሁ። ውሸታም ነህ ብልህ፣ አንቺ አንብቢው ብትለኝስ?» እጃቸው ራሴን ፈለገና አገኘው። «ሴት ጨው አትበላም ወይ ያልኩትን ይዤ መቆም ነበረብኝ። ያ የራሴ ነበር። ደጃሉን ምን አመጣብኝ?»

ይሄን ነበር ደሴ ላይ ያ ጥቁር ነገር ፊቴ ሲመጣ ያሰብኩት። እውነት ለመናገር ደጃል ይሁን አይሁን የሚለው አያስጨንቀኝም፤ ደጃል የራሱ ጊዜ አለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ሰው ወይ የዓለም መጨረሻ ነው ይላል ወይ ምንም አይደለም ይላል፤ ሁለተኛው ፎቶ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ጩኸት ጥያቄውን ይውጠዋል፤ ሁለተኛው ያስተኛዋል። እኔ በወጣትነቴ የሁለተኛው ወገን ነበርኩ፤ ያውም በወላሂ።

መዝጋቢዋ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች ነበር። «አባቴ፣ ከመነሳትዎ በፊት እዚህ ጋ ይፈርሙ። አንብቤ ተስማምቻለሁ ነው የሚለው።»

«አላነበብኩትም» አልኳት።

«ሁሉም ዝም ብሎ ነው እኮ የሚፈርመው።»

«አምጪው።»

ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። መነጽሬን አድርጌ፣ ጣቴን አስከትዬ ጀመርኩ። ከኋላ ሰልፉ አጉረመረመ። አንዱ «ሽማግሌው ቁርአን እስከ መጨረሻው ሊያኸትሙ ነው እንዴ?» አለ፤ ሳቁ። ይሳቁ። አንድ ቦታ ስደርስ መረጃው ለሚመለከታቸው አካላት ይሰጣል ይላል። «የሚመለከታቸው እነማን ናቸው?» አልኳት። ባልደረባዋን አየች፤ ባልደረባዋ ግድግዳውን አየ። «አላውቅም፣ አባቴ» አለችኝ። እንዲህ በማለቷ ወደድኳት። እኔን በዕድሜዬ ሙሉ ያቃተኝን ቃል እሷ ያለ ጭንቅ አወጣችው።

መጨረሻው ላይ ፈረምኩ፤ ዓይኔንም ሰጠሁ። ባንኩ አይለቀኝማ። ብድግ ስል ያቺ ከኋላዬ የነበረችው ሴት እጅጌዬን ያዘችኝ። ስልኳን ኪሷ ከትታዋለች። «አባባ፣ እርስዎ አንብበውታል። ምን ይላል? ምንም የለውም አይደል?»

ፊቷን አየሁት። አንዲት ቃል ነው የምትፈልገው።

«ግማሹ አልገባኝም» አልኳት። «ያልገባኝን ራስሽ አንብቢው፣ ካልሆነም ጠይቂያቸው።»

ቅር አላት። እጅጌዬን ለቀቀችና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ፣ «እህቴ» አለቻት ልጅቷን፣ «እስቲ ይሄን ነገር ወደኔ አዙሪልኝ።»